ሁለት አምፕሊፋየርና አንድ ግድግዳ

አሮጌው አምፕሊፋየር የተቃጠለ ዕለት አያትየዋ የጮኸችው ለዕቃው አልነበረም። "እጅሽን! እጅሽን አሳዪኝ!" እያለች ከኩሽና በርራ ወጥታ፣ የልጅ ልጇን ጣቶች አንድ በአንድ አገላብጣ አየች። ጭሱ የታያት ከዚያ በኋላ ነው። ጣቶቹ ደህና ነበሩ። አሮጌው ግን ከጀርባው ጭስ እየተፋ እንደ በሽተኛ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። በዚያው ቀረ።

ቤቱም አብሮት ዝም አለ። አምፕሊፋየሩ የባሏ ነበር። ሰውየው በሕይወት ሳለ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ቁጭ ብሎ ጊታሩን እሱ ላይ ሰክቶ ይለማመዳል፤ ሲመሽ ሥራው ጭፈራ ቤት ነበር። እሱ ካለፈ ወዲህ ደግሞ የልጅ ልጁ፣ ከቅጥነቷ የተነሳ ራሱ "ሽቦ" ብሎ ያወጣላት ልጅ፣ በዚያው ጊታርና በዚያው አምፕሊፋየር ትጫወት ነበር። አያትየዋ ኩሽና ሆና ድምፁ በግድግዳው በኩል ሲመጣ ሰውየው ቤት ያለ ይመስላታል። ይህን ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ጃጀች ቢሏትስ?

አሁን ሽቦ የራሷን ባንድ ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ልትወጣ ነው። ያለ አምፕሊፋየር ደግሞ ያ ጊታር ከትንኝ የተሻለ ድምፅ የለውም።

"የአባባን ድምፅ ነው የምፈልገው እማማ" አለቻት። "ሌላ ቢያመጡልኝ አልነካም። የሱን ድምፅ ከኔ የበለጠ የምታውቂው ደግሞ አንቺ ነሽ። አንቺ ሰምተሽ ይሄ ነው ያልሽኝን እወስዳለሁ።"

አያትየዋ "እሺ" አለች፤ ልቧ ግን ተሰቀለ። ብትሳሳትስ? የማይሆነውን መርጣ ያ ድምፅ ከነጭራሹ ቢጠፋባትስ?

መጀመሪያ የሄዱት ሙዚቃ መሣሪያ መደብር ነው። ሻጩ አንዱን አምፕሊፋየር እንደ አራስ ልጅ አቅፎ አመጣላቸው። መልኩ ቁርጥ አሮጌውን ነው፤ ያው ቡናማ ጨርቅ ፊቱ ላይ፣ ያው የቆዳ እጀታ አናቱ ላይ።

"እናቴ፣ ይሄ ማለት ራሱ ነው" አላት። "ፋብሪካው የጥንቱን ንድፍ ከመጋዘን አውጥቶ እንደገና ሠራው።"

"ታዲያ አዲስ ነው አሮጌ?"

"አዲስ አሮጌ ነው።"

"ልጄ፣ አንዱን ምረጥ እንጂ!"

ሽቦ ከጀርባዋ ሳቋን አፈነች። አያትየዋ ግን ጨርሳ አልተረጋጋችም። "ኮረንቲ ይይዛል?" ብላ ጠየቀች። መጠየቋ ያለ ምክንያት አይደለም። የአሮጌው ሶኬት ሁለት እግር ብቻ ነበር ያለው፤ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ የለውም። አሮጌው ቤት የገባ ዕለት ሰውየው ጊታሩን እንደያዘ ከንፈሩን ወደ ማይክሮፎን ሲያስጠጋ ኮረንቲ ያዘው። ሳምንት ሙሉ ባበጠ ከንፈር ሾርባ በማንኪያ ስታጎርሰው ሰነበተች። ከዚያ ወዲህ አሮጌው ከተሰካ እሷ ኩሽና ገብታ በሩን ትዘጋለች። "እኔ ሲገድልህ አላይም!" ትለዋለች። እሱ ይስቃል።

"ይሄ ባለ ሦስት እግር ነው፣ አይይዝም" አላት ሻጩ። ለሙከራም እስከ መዝጊያ ሰዓት እንዲያቆዩት ቅዳሜ ሊያውሳቸው ተስማማ።

ሁለተኛው አምፕሊፋየር ያለው ሰፈር ውስጥ "አንድ እጅ" በሚሉት ሰው ዘንድ ነበር። እሱ የፋብሪካ አይሠራም፤ የድሮዎቹን ዓይነት ከሣጥኑ እስከ ሽቦው በእጁ ይገጣጥማል።

"አንድ እጅ?" አለች አያትየዋ መንገድ ላይ ቀጥ ብላ። "እኔ አፈር ልብላ! ሌላው እጁን ኮረንቲ በልቶበት ነው?"

"ኧረ እማማ! ሁለት እጅ አለው። ስም ነው።"

"ስም ከሜዳ አይመጣም።"

ሲደርሱ አንድ እጅ የተከፈተ አምፕሊፋየር ላይ አቀርቅሯል። በቀኝ እጁ መሞከሪያውን ይዞ እዚህም እዚያም ይነካካል፤ ግራ እጁ ሱሪ ኪሱ ውስጥ ነው። ከፊቱ የመስታወት ቲዩቦቹ እንደ ትንንሽ አምፖል ፍም መስለው ይበራሉ። አያትየዋ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

"በርዶህ ነው ልጄ?"

"ፈርቼ ነው እናቴ" አላት ዞሮ። "በሁለት እጄ ከነካሁት ኮረንቲው በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ በልቤ ያልፋል። አንዱን ኪሴ ከከተትኩት ግን መንገድ ያጣል።"

አያትየዋ አፏን ያዘች። በዚህ ሙያ ካሉ ወንዶች "ፈራሁ" የሚል ቃል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ነፍሷ መለስ አለች። የዚህን ሰው ሥራ ገና ሳትሰማው በልቧ መረጠችው። ልጅቷ የምትነካው ዕቃ የሚፈራ ሰው የሠራው ይሁን።

ቅዳሜ ሁለቱም አምፕሊፋየሮች ሳሎን መሐል ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንድ እጅ የራሱን ለሌላ ሰው አላስይዝም ብሎ እሱው ተሸክሞ መጣ። ሽቦ አያቷን ፊት ለፊት ወንበር ላይ አስቀምጣ ዓይኗን በሻሽ ጋረደቻት።

"እንዳታጭበረብሪ።"

"በዚህ ዕድሜዬ? ሸበጥሽንስ አድርገሻል?"

"አድርጌያለሁ።" እቤት ውስጥ ጊታር ስትይዝ የላስቲክ ሸበጥ ማድረግ ከልጅነቷ ጀምሮ ያለ ሕግ ነው።

ከዚያ ተጫወተች። የአያትየዋ ባል ሁልጊዜ ልምምዱን ይጨርስበት የነበረውን ዜማ በአንዱ፣ ቀጥላም በሌላው። አያትየዋ ትንፋሿን ውጣ ሰማች። የመጀመሪያው ደስ ይላል። ሁለተኛውም ደስ ይላል። ድምፁ ደረቷን እየመታ ሲያልፍ ያስደነግጣታል እንጂ፣ ከሁለቱ አንዱ እንኳን ሰውየውን አላመጣውም። የማታውቀው እንግዳ ቤቷ ገብቶ ጮክ ብሎ የሚያወራ መሰላት።

"የትኛው ነው?" አለች ሽቦ።

"ድገሚው እስቲ።"

ደገመችው። አሁንም የለም። ረሳሁት ማለት ነው? ዕድሜ ልኬን የሰማሁትን? ሻሹን ከዓይኗ ገፋ አድርጋ ተነሳች።

"ወዴት ነው?"

"ውሃ ልጠጣ።" ኩሽናው በር ላይ ስትደርስ ቆመች። እጇ እንደ ልማዱ የበሩን እጀታ ይዟል። ቀስ ብላ ዞረች። "እኔ እኮ... ከዚህ ሆኜ ሰምቼው አላውቅም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ከዚህ፣ ከሳሎን። እኔ ሁልጊዜ ኩሽና ነኝ። በሩን ዘግቼ።"

"አባባ ዕድሜውን ሙሉ ሲጫወት? አንዴ እንኳን?"

"ኮረንቲ ሲይዘው ልይ?"

አንድ እጅ አልሳቀም። "የት ነበር የሚያስቀምጡት እናቴ?" ብሎ ጠየቃት። ግድግዳው ላይ አሳየችው፤ ኩሽናውን ከሳሎን በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ ቀለሙ ሳይደበዝዝ የቀረ አራት ማዕዘን ምልክት አለ። አንድ እጅ ቁጢጥ ብሎ ምልክቱን በመዳፉ ዳበሰው።

"ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ! የዚህ ዓይነቱ ጀርባው ክፍት ነው እኮ። ድምፁ በፊትም በኋላም ይወጣል። ሌላው ሰው ሁሉ ፊቱን ሲሰማ እርስዎ ጀርባውን ነበር የሚሰሙት።"

ሁለቱንም እየተጋገዙ ወደ ግድግዳው ገፏቸው። አያትየዋ ኩሽና ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ቧንቧውን ከፈተች። ሁለት እጇን ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ነከረች። እንደ ድሮዋ ካልሆነች አይመጣላትም። "የትኛው እንደሆነ እንዳትነግሩኝ!" ብላ ጮኸች። "በሉ!"

ዜማው መጣ።

አሁን አይጮህም። ግድግዳው አለስልሶ፣ አሙቆ፣ ልክ በወፍራም ብርድ ልብስ ውስጥ እንደሚያወራ ሰው አድርጎ አሳለፈው። አያትየዋ ሳህኑን እንደያዘች ደረቀች። ዜማው እየወረደ፣ እየወረደ መጨረሻው ላይ ደረሰ፤ ወፍራሙ ክር ተመታ። ተደገመ። መደርደሪያው ላይ ያለው ያንድ ሰው ብርጭቆ፣ የሱ ብርጭቆ፣ ዝዝዝ ብሎ ዘመረ።

ሰውየው ሻይ ሲያምረው ነበር እንዲህ የሚያደርገው። አይጣራም፤ ወፍራሙን ክር እየደጋገመ ብርጭቆውን ከወዲያ ያስጮኸዋል።

"አፍ የለህም?" አለች አያትየዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ሁለት የሻይ ስኒ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። መቼ እንዳወረደቻቸው አታውቅም። ስኒዎቹን ዓይታ ክው አለች። ሰውነቷን ነዘራት፤ ከእግሯ ጀምሮ እስከ ፀጉሯ ድረስ። በዚህ ሁሉ ዘመን ስትፈራው ያልነካት ኮረንቲ አሁን በግድግዳ አልፎ መጥቶ የያዛት መሰላት። ሰውየው ከወዲያ አለ። በሩን ብትከፍተው አለ።

አልከፈተችውም። "ሌላውን!" አለች።

ሌላው ተጀመረ። ያው ዜማ፣ ያው ግድግዳ። ወፍራሙ ክር ሲመታ ብርጭቆው ዝም አለ። አይደለም፣ አለች በልቧ፤ ይሄ እሱ አይደለም። እጇን ልታደርቅ ጨርቁን አነሳች። ያን ጊዜ አንድ ነገር ሰማች።

ዜማው ወደ ላይ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሊወጣ ሲል ትንሽ ይቆማል። የዓይን ጥቅሻ ታህል። ከዚያ ዘው ይላል። እንደገና ሲደርስ እንደገና ቆም፤ ከዚያ ዘው። አያትየዋ ይህን ታውቀዋለች፤ ግን ከጊታር አይደለም። ሽቦ ገና ዳዴ ትታ መራመድ ስትጀምር ደጃፍ ላይ እንዲህ ነበር የምትቆመው። አንድ እግሯን አንጠልጥላ፣ የሚቆጣት ሰው እንዳለ ዙሪያዋን ዓይታ፣ ከዚያ ዘው። ሰውየው ቆሞ አያውቅም፤ እሱ ገና ከሩቅ ዘሎ የሚገባ ሰው ነበር።

ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። ይህች ልጅ በዚህ ቤት ውስጥ እስከዛሬ ስትጫወት ኖራለች። አሮጌው ግን የሰውየውን ካባ እያለበሰ ነበር የሚያሳልፋት፤ አያትየዋም ከግድግዳው ወዲህ ሆና እሱን ስትሰማ ኖረች። ልጅቷን አንድም ቀን አልሰማቻትም።

በሩን ከፈተችው። ጊታሩ ገና እየተጫወተ ነው፤ አሮጌው ከተቃጠለበት ዕለት በቀር አምፕሊፋየር በርቶ ሳለ ያን በር ከፍታ አታውቅም። ሽቦ ደንግጣ አቆመች።

"እ? የትኛው?"

"የመጀመሪያው እሱ ነው።"

ሽቦ እልል ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። አንድ እጅ አንዴ ወደ ራሱ ሥራ ዓይቶ ፈገግ አለ። "የፋብሪካው ነው" አለ። "ሐቁን ልንገርዎት፣ እኔም ገምቼ ነበር። ንድፉ ያው ነው።"

አያትየዋ የፋብሪካውን ዕቃ በግርምት አየችው። የሠሩት ሰዎች ባሏን አያውቁትም። ስሙንም፣ ሳቁንም፣ ሻይ መውደዱንም። ታዲያ በየት በኩል አስገቡት?

"በሉ ይሄን እናስቀር፣ ያንተን..." ብላ ሽቦ ወደ አንድ እጅ ዞረች።

"ቆይ" አለች አያትየዋ። "የመጀመሪያውን አንዴ ድገሚልኝ። መጨረሻውን ብቻ።"

ኩሽና ተመልሳ ግድግዳውን በመዳፏ ይዛ ቆመች። ብርጭቆው ዘመረ። "እሺ፣ ሰማሁህ" አለች ቀስ ብላ። ሁለቱን ስኒዎች ወደ መደርደሪያው መለሰችና ወጣች።

"አሁን ወደ ካርቶኑ መልሱት።"

"እማማ! የአባባ ድምፅ ነው አልሽኝ እኮ!"

"ነው። እሱ የልቡን ተጫውቶ ነው የሄደው፤ እኔም ጠግቤ ሰምቼዋለሁ። ያንቺን ግን ገና ዛሬ ሰማሁት።" ድምፅዋ ሊከዳት ሲል ወደ ቁጣዋ ሸሸች። "እዚያ ሕዝብ ፊት የምትወጪው አንቺ ነሽ፣ እሱ አይደለም! ከፍ ወዳለው ልትወጪ ስትይ ለምንድን ነው የምትቆሚው?"

ሽቦ ቀላች። "ይሰማል እንዴ? ላጠፋው እየሞከርኩ ነው።"

"ብታጠፊው አላናግርሽም!"

ልጅቷ የአንድ እጅን አምፕሊፋየር ትክ ብላ አየችው። ተቀመጠች፤ ያችኑ ቦታ ለብቻዋ ተጫወተች። ቆም፣ ከዚያ ዘው። ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ራሷን ሰማች። ደገመችው። አሁን ፊቷ ላይ ሌላ ነገር መጣ። "እኔ ነኝ እንዴ ይሄ?" አለች ለማንም ሳይሆን።

አንድ እጅ ካርቶኑን ትቶ ግድግዳው ጥግ ቆሞ ያዳምጣል፤ ግራ እጁ እንደ ልማዱ ኪሱ ገብቷል። አያትየዋም ወንበሯን ወደ አምፕሊፋየሩ አስጠግታ ተቀመጠች። "መሬት የሚገባው ሽቦ አለው አይደል?" አለችው ለመጨረሻ ጊዜ።

"አለው እናቴ። ሁለቴ አስሬዋለሁ።"

የሷም አንድ እጅ ሽርጧ ኪስ ውስጥ መግባቱን ያየችው ያን ጊዜ ነው። ሽቦ ዜማውን ከመጀመሪያው አነሳችው። አያትየዋ እጇን ከኪሷ አወጣች፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አድርጋ ሁለቱንም መዳፎቿን በሚንቀጠቀጠው ሣጥን ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፈነች።

"ቀጥዪ" አለቻት።