የቅዳሜው ቡላ

ባሌ ብዙነህ ቅዳሜ አይሸጥም። እሁድማ ጭራሽ። ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ሰፈር ውስጥ የሐበሻ ቅመማ ቅመም ሱቅ ከፍቶ፣ ሐበሻው ሁሉ ከሥራ በሚያርፍባቸው በሁለቱ ቀናት ዘግቶ ፎቅ ላይ የሚቀመጥ ነጋዴ ከሱ ሌላ ያለ አይመስለኝም። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ክላፋም ባለ የአዛውንቶች መኖሪያ ምግብ አብሳይ ነኝ። የሱን ሰንበት የሚያስከብርለት የኔ ደመወዝ ነው። ይህን ስነግረው ይስቃል።

በግትርነቱ አልፈርድበትም፤ ከፍሎበታል። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ የዘጋ ሁሉ አድማ መታ በሚባልበት ሰሞን፣ እሱ እንደ ልማዱ ቅዳሜ ዘግቶ ዋለ። የንግድ ፈቃዱን ተቀማ፣ ታሰረ፣ ሲፈታ አገር ለቀን ወጣን። ከዚያ ወዲህ ማንም ያልነጠቀው ንብረቱ ሰንበቱ ብቻ ሆነ። የሚወደው ታሪክም አንድ ነው፦ በጥንት ዘመን የኢየሩሳሌም ገዥ ለሰንበት ዋዜማ ሲመሽ የከተማይቱን በሮች ያስዘጋል፤ ሸቀጣቸውን ይዘው የመጡት ነጋዴዎች ከቅጥሩ ውጭ ያድራሉ፤ ገዥውም ደግማችሁ ብትመጡ ወዮላችሁ ይላቸዋል። ብዙነህ ይህን ሲያወራ በሩን የዘጋው እሱ ራሱ ይመስላል።

ዓለምሰገድና ሚስቱ እታፈራሁ በዚያው ሰሞን የመጡ ስደተኞች ናቸው። ወረቀት እስክናገኝ አንድ ሆስቴል ውስጥ አብረን ኖረናል። ሱቁ ሲከፈት መደርደሪያውን በሙሉ የሠራልን ዓለምሰገድ ነው፤ ስንት እንክፈልህ ብንለው ተቆጣን። አምና ጉሮሮው ላይ ካንሰር ተገኘበት። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሞክረው ኬኒንግተን ወዳለው ቤቱ ሰደዱት። እህል እምቢ ካለ ሰንብቶ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዓይኑን ገልጦ «የቡላ አጥሚት አማረኝ» አለ።

እታፈራሁ ጎረቤት አጠገቡ አስቀምጣ በባቡር መጣች። ለኔ ደውላልኝ ነበር፤ ስልኬ ግን በሥራ ሰዓት ሎከር ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚውለው። የሱቁን የብረት ሻተር ደበደበች። ብዙነህ ከፎቅ በመስኮት ብቅ አለ።

«ጋሼ ብዙነህ፣ ትንሽ ቡላ ፈልጌ ነበር። ዓለምሰገድ አጥሚት አማረው።»

«እሰይ! ካማረውማ ደግ ነው። ግን እታፈራሁ፣ ሰንበት መሆኑን ረሳሽው እንዴ? ሰኞ በጠዋት ነይ፤ ጥሩ ጥሩውን መርጬ አስቀምጥልሻለሁ።»

«እሺ፣ ሰንበትዎን ያክብሩ» ብላ ተመለሰች። እታፈራሁ የምትለማመጥ ሴት አይደለችም።

ይህን ሁሉ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፤ ማታ ራት ስንበላ፣ ደስ ብሎት። «ዓለምሰገድ ሊሻለው ነው መሰለኝ፤ ምግብ አማረው» አለኝ።

«ታዲያ ሰጠሃት?»

«ምን ነካሽ? በሰንበት እሸጣለሁ እንዴ?»

«የተከለከለው መሸጥ ነው! መስጠት ማን ከለከለህ? እንዲያው በመስኮት ብትወረውርላት ምን ይልሃል ፈጣሪ?»

አፉን ከፍቶ አየኝ። ይከራከረኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «አላሰብኩትም» አለ። «እውነቴን ነው ውብነሽ፣ አላሰብኩትም።» እውነቱን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔን ያንገበገበኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆን ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በሰንበት የማይደረገውን ሲቆጥር፣ የሚደረገውን አንድ ቀን ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

ራቱን ትተን ወረድን። ብዙነህ በገዛ እጁ ሻተሩን ከፍቶ ከረጢት ሙሉ ቡላ ሰፈረ። ባቡር ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፎት ነበር። ስንደርስ በሩን የከፈተችልን እታፈራሁ ናት።

«ከቀትር በኋላ አልነቃም» አለች። «ጠዋት ደጋግሞ ጠየቀኝ። እየተሠራ ነው፣ እየተሠራ ነው እያልኩ አታለልኩት።» ከረጢቱን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዓለምሰገድ እሁድ ጎሕ ሲቀድ ዐረፈ።

ሰኞ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። ብዙነህ በሩ ሥር ካለ ወንበር ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል። እታፈራሁ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ተነሥታ፣ በሰው መሃል አልፋ ፊቱ ቆመች። እጇን ዘረጋች፤ ገንዘብ ይዛለች።

«ጋሼ ብዙነህ፣ ይኸው የቡላውን።»

«እታፈራሁ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ…»

«ዛሬ ሰኞ ነው። ሰኞ ነይ ብለውኝ አልነበር?»

ብትጮህበት ይሻል ነበር። ድምፅዋ ግን ሱቅ ስትመጣ እንደምታወራው ዓይነት ነው። ብዙነህ እጁን ማንሣት አቃተው፤ እሷም እጇን አላጠፈችም። የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ባልቀበላት እዚያው ቆማ ትውል ነበር።

አሁን ብዙነህ ቅዳሜ ሱቁን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይቀመጣል። አይሸጥም። ሰው ገብቶ ዋጋ ሲጠይቀው «ዛሬ ዋጋ የለም፤ የቸገረሽን ውሰጂ» ይላል። አንዳንዷ ግራ ገብቷት ባዶ እጇን ትወጣለች፣ አንዳንዷ ዘንቢሏን ሞልታ ትሄዳለች። እኔም መቆጣቱን ትቻለሁ። ዓለምሰገድ የሠራው መደርደሪያ ላይ አንድ ከረጢት ቡላ ለብቻው ተቀምጧል፤ እሱን ማንም እንዲነካው አይፈቅድም። ነጠላ የለበሰች ሴት በደጁ ባለፈች ቁጥር ብድግ ይላል። እታፈራሁ አይደለችም። መልሶ ይቀመጣል።