ሰባተኛው ዱላ

ኦረስት ኮፍያውን ዓይኑ ላይ አውርዶ በሐይቁ በረዶ ላይ ተንበርክኳል። ከፊቱ የተከመሩትን የሆኪ ዱላዎች እየዳሰሰ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ይወረውራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡድን የሚከፈለው እንዲህ ነው፤ ዱላህ የወደቀበት ወገን ያንተ ወገን ነው፣ ይግባኝ የለም።

ጓደኛው ማይሮን ቆሞም አፉ አላረፈም። ጠዋት ፒክአፑ ውስጥ የተጀመረው ክርክር እዚህ ድረስ ተከትሏቸው መጥቷል፤ የምንጊዜም ታላቁ የሆኪ ተጫዋች ማነው? ማይሮን፣ ግሬትስኪ ነው ይላል። ሌላው ጓደኛቸው ዴልመር ደግሞ፣ ቦቢ ኦር ነው ባይ ነው፤ ጉልበቱ ባይከዳው የሌላ ሰው ስም ባልተነሳ ነበር ይላል። ኦረስት ግን ዕድሜ ልኩን የሚጠራው ስም አንድ ነው፤ ላይል። ታናሽ ወንድሙ ነበር። ከሐይቁ ዳር ካለው ሸምበቆ ማዶ ውሃው ስለሚፈስ በረዶው የቱንም ያህል ቢበርድ ስስ ነው፤ ላይል በሃያ ዓመቱ፣ በሆኪ እንደ ኳስ የሚገፏት ጠፍጣፋ ጎማ አምልጣው ሲከተላት እዚያ ሰጠመ። አስከሬኑ በረዶው ሲቀልጥ ተገኘ፣ ዱላው ግን እንደጠፋ ቀረ።

"ስማኝ ኦረስት" አለ ማይሮን፣ "አንድም ቀን በትልቁ ሊግ ያልተጫወተ ሰው ከግሬትስኪ ጋር አይወዳደርም። አርባ ዓመት ዝም ብለን ሰማንህ። አሁንስ ልጁን ብታሳርፈው?"

"አንተ እሱ ያቀበለህን እንኳ ማስቆም አትችልም ነበር" አለ ኦረስት ከኮፍያው ሥር።

ሌሎቹ ሳቁ። እሱ ግን ከፍቶታል። ይህን ክርክር የተረታ ቀን ወንድሙ ሁለተኛ የሚሞት ይመስለዋል።

ዱላዎቹ አለቁ ሲል እጁ አንድ ተጨማሪ ነካ። ኮፍያውን ገለጥ አደረገ። ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ይህ ሰባተኛ ዱላ ነው። አሮጌ የእንጨት ዱላ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ቀይ ፕላስተር የተጠቀለለበት። እንዲህ የሚጠቀልል ላይል ነበር። ጢማቸው ላይ ትንፋሽ በሚረጋበት ብርድ፣ እንጨቱ ውሃ ያንጠባጥባል።

የማን ቀልድ እንደሆነ ተጠያየቁ፣ ሁሉም እኔ አይደለሁም አለ። በመጨረሻ ማይሮን ብርድ ሳይገድለን እንጫወት ብሎ ዞረ። ኦረስት ዱላውን በራሱ ወገን አኖረው። ያለ ወገን የሚቀር ዱላ የለም፤ ደንቡ ነው።

ጨዋታው ሞቅ ሲል፣ ማንም ከሌለበት ከኦረስት ኋላ ጎማዋ ተንሸራታ መጥታ በያዘው ዱላ ላይ ቁጭ አለች። እንደዚህ አድርጎ የሚያቀብል እሱ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ዞር ሲል ሰባተኛው ዱላ ካኖረበት ቦታ የለም። ከሸምበቆው ማዶ ደግሞ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። አቀብለኝ የሚል ተጫዋች በረዶውን በዱላው የሚመታው እንደዚያ ነው።

ኦረስት ጎማዋን እየገፋ ወደ ድምፁ ሄደ። ፈርቷል፣ ደስም ብሎታል፤ ሁለቱን መለየት አቃተው። ሸምበቆው አጠገብ ሲደርስ በረዶው ከሥሩ በረጅሙ አጉረመረመ።

"ኦረስት፣ ተመለስ!" ማይሮን በረዶው ላይ በሆዱ ተኝቶ እጁን ዘርግቷል። "እሺ፣ ላይል ነው። ታላቁ ላይል ነው፣ ይኸው አመንኩ። አንተ ብቻ ና።"

ኦረስት ይህን ቃል ለመስማት አርባ ዓመት ጠብቋል። ከማዶ ያለውም ሰምቶ ኖሮ መምታቱ ፈጠነ፣ እንደ መፈንጠዝ ያለ፣ የሚያጣድፍ። ኦረስት ያኔ ገባው። ወንድሙን በክርክሩ ሳያርፍ ያቆየው እሱ ራሱ እንደሆነ አወቀ፤ እንባው ጉንጩ ላይ ረጋ።

"ግሬትስኪ ነው" አለ ወደ ሸምበቆው፣ ጎረቤት ክፍል ላለ ሰው እንደሚነገር ጮክ ብሎ። "አንተ ጥሩ ተጫዋች ነበርክ፣ ላይልዬ። ታላቁ ግን ግሬትስኪ ነው።"

ድምፁ ቆመ።

ኦረስት ጎማዋን ወደ ማዶ አቀበለ። የተቀበላት መኖሩን ለመስማት ሳይቆም፣ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ማይሮን እጅ ተመለሰ።