በእጅ የፈሰሰ ዝናብ

አሮጌውን ኮምፒውተር የነቀልኩበት ቀን ከማለዳ ጀምሮ መቀመጫ አጥቼ ዋልኩ። እርግጥ እኔ ረግቼ ተቀምጬ አላውቅም። አባቴ «ጁዋይሪያ ስትወለድም ቸኩላ ነው፤ እናቷን ሐኪም ቤት ሳታደርስ ጋሪ ላይ ነው የመጣችው» እያለ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወራብኛል። ቀጥሎ «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» ይላል። እንግዳው ይስቃል፤ እኔ ግን ያኔም ቢሆን ቁጭ ብዬ አልሰማም፣ ወይ ሻይ እቀዳለሁ ወይ መስኮት እከፍታለሁ።

የምሠራው ከእንዳ ኢየሱስ ሰፈር በላይ ባለው ኮረብታ ጎን፣ ሁለት ክፍል ባላት የአየር ሁኔታ መመዝገቢያ ጣቢያ ውስጥ ነው። ግቢው ውስጥ በሽቦ የታጠረ ቦታ አለ፤ የዝናብ፣ የነፋስና የፀሐይ መለኪያዎች እዚያ ቆመዋል። የለኩት ሁሉ በገመድ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። አለቃዬ ወይዘሮ ኣብረኸት ለዚያ አጥር ያላቸው ፍቅር ለልጆቻቸው ካላቸው አያንስም። ወፍ የዝናብ መለኪያው አፍ ላይ ካረፈች ከቢሮ ሮጠው ወጥተው ያባርሯታል። «ጓለይ፣ ልጄ፣ መረጃ አንዴ ከቆሸሸ አይታጠብም» ይሉኛል። የአጥሩን ቁልፍም ከቦርሳቸው አያወጡም።

አባቴ ሐቢብ ደግሞ ከኮረብታው ጀርባ ወርዶ በከተማው ጠርዝ በሚያልፈው ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ያስወጣል። ድሮ ከወሎ በጉልበት ሠራተኛነት መጥቶ፣ እዚሁ አግብቶ ወልዶ፣ አሁን የአሸዋ ቆፋሪዎቹ አለቃ ሆኗል። የዚያ ወንዝ ክፋቱ ዝናቡና ጎርፉ በአንድ ቦታ አለመሆናቸው ነው። ዝናቡ እኛ ጋ ኮረብታው ላይ ይወርዳል፤ እነሱ ጋ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ ይደርስባቸዋል።

ስለዚህ ደመና ባየሁ ቁጥር እደውልለት ነበር። «አባዬ ውጡ! ጥቁር ደመና መጥቷል!» ይወጣሉ፣ ደመናው ይበተናል፣ መኪናው አሸዋ ሳይሞላ ይቆማል። ቆፋሪዎቹ «የሐቢብ ልጅ ደመና አየች» እያሉ መሳቂያ አደረጉት። አንድ ቀን ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተናገረኝ። «በሥራ ሰዓት ሁለተኛ እንዳትደውዪልኝ። ብትደውዪም አላነሳም። ያ ማሽንሽ ዝናቡን የሚለካ ከሆነ እሱ ይንገረኝ። እሱ አይፈራ፣ አይዋሽ።»

ተናድጄ ነበር፤ ግን አደረግኩለት። ዝናቡ በአጭር ጊዜ ከበረታ ኮምፒውተሩ ራሱ «ጎርፍ ይመጣል፣ ከወንዙ ውጡ» የሚል የጽሑፍ መልእክት በአጭር ቁጥር ለአባቴ ይልካል። ሌሊት ወንዙ ውስጥ ማንም ስለሌለ፣ እሱም «እንቅልፍ ነሣኝ» ስላለ፣ ከማታ አሥራ ሁለት እስከ ጠዋት አሥራ ሁለት ዝም እንዲል አደረግኩት። አባቴ ለማሽኑ መልእክት የአውራ ዶሮ ጩኸት አስሞላ። ሁለት ክረምት ሙሉ አውራ ዶሮው ሲጮህ ይወጣሉ፣ ጎርፉም ይመጣል። ማሽኑን እንደ ኢማም አመነው። የእኔን ጥሪ ግን በሥራ ሰዓት አንስቶት አያውቅም።

አሮጌው ኮምፒውተር ዘንድሮ በራሱ መጥፋት ጀመረ። ውስጡ የሆነ ነገር ይንኳኳል። ወይዘሮ ኣብረኸት ስንት ቢሮ ደጅ ጠንተው አዲስ አመጡ፤ ፕሮግራሙንና የዓመታቱን መረጃ ወደ አዲሱ ማዛወር የእኔ ሥራ ሆነ። ለእኔ ዓይነቷ ሰው መረጃ ሲገለበጥ ቁጭ ብሎ ማየት ቅጣት ነው። መስመሩ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል። እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። እንደገና ከመጀመሪያው። ከዚያ በኋላ ትዕግሥቴ ስላለቀ የፕሮግራሙን ማስተካከያዎች አንድ በአንድ ከማየት ይልቅ ፋይሉን እንዳለ ገለበጥኩት። አሮጌው ላይ የሠራ አዲሱ ላይ ለምን አይሠራም?

ዕለቱ ሰኔ አጋማሽ ላይ ነበር። ጠዋት ገመዱን ከአሮጌው ነቅዬ አዲሱ ላይ ሰካሁና የሙከራ መልእክት ላክሁ። አባቴ ወዲያው ደወለ።

«ጮኸ። ‹ሙከራ› ይላል።»

«አዲሱ ኮምፒውተር ነው፣ አባዬ። እንደዚያኛው ይሠራል።»

«ይሠራል እንጂ! አብሽሪ። በይ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።»

ወይዘሮ ኣብረኸት አሮጌውን ኮምፒውተር በር አጠገብ አስቀምጠው፣ ጨርቅ አልብሰው፣ ሓወልቲ ሰፈር ስብሰባ ሄዱ። «ኣጆኺ፣ አይዞሽ፣ አለቀ እኮ! አሁን እንኳን ተቀመጪ» አሉኝ ሲወጡ። አልተቀመጥኩም። ሁሉም ነገር ሠርቷል፤ እኔ ግን ከመስኮቱ ወደ ኮምፒውተሩ፣ ከኮምፒውተሩ ወደ መስኮቱ ስመላለስ ምሳዬን እንኳን ሳልበላ ዋልኩ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ከኮረብታው ጀርባ የተነሣው ደመና ግቢያችን ላይ ወረደ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው የራሴን ድምፅ መስማት አቃተኝ። ስክሪኑ ላይ የዝናቡ ቁጥር ሽቅብ ይሮጣል። «መልእክት ተልኳል» የሚለውን መስመር ጠበቅሁ። አሁን ይወጣል፣ አሁን ይወጣል። አልወጣም።

ኔትወርክ ነው ብዬ የሙከራውን ቁልፍ ተጫንኩ። ወዲያው ተላከ። ኔትወርክ አይደለም ማለት ነው። ደግሞም አባቴ ኪስ ውስጥ አውራ ዶሮው ጮኸ፣ አባቴ አወጣው፣ «ሙከራ» የሚል አነበበ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው ማለት ነው።

የቸገረው ሰው እንደሚያደርገው ያገኘሁትን ገጽ ሁሉ መክፈት ጀመርኩ። የፀሐዩ ገጽ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ባለፉት ዓመታት ሁሉ ፀሐይ እጅግ የምትበረታው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ዛሬ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይላል። ፀሐይ እንዴት በአንድ ቀን ስድስት ሰዓት ትዘገያለች? የስክሪኑን ጥግ አየሁ፤ 14:10 ይላል። የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት ከዐሥር።

ያኔ ገባኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ኣክሊሉ የሚባል ባለሙያ የአሮጌውን ኮምፒውተር ሰዓት እኛ በምንቆጥረው ሞልቶት ነበር፤ ፀሐይ ስትወጣ ዜሮ፣ ስትጠልቅ አሥራ ሁለት። ኢንተርኔት ስላልነበረው ማንም አላረመውም፤ ለእኔም ልክ ስለነበር አንድም ቀን አላሰብኩበትም። አዲሱ ግን ከኢንተርኔት የፈረንጁን ሰዓት ወስዷል። እኔ ደግሞ የገለበጥኩት ማስተካከያ «ከ12 እስከ 24 ዝም በል» ይላል። ፋይሉን ስገለብጥ ዓይኔ ያንን መስመር አይቶታል እኮ! ማታ አሥራ ሁለት ብዬ አነበብኩት። ለአዲሱ ኮምፒውተር ግን ከእኩለ ቀን ጀምሮ ማለት ነው። አባቴ ወንዝ ውስጥ ባለበት፣ ዝናብ በሚመጣበት ሰዓት ሁሉ የማሽኑን አፍ ዘግቼዋለሁ።

መስመሩን ሰረዝኩት። ምንም የለም። ፕሮግራሙ የሚናገረው ዝናቡ እየበረታ ሳለ ነው፤ ላለፈ ዝናብ አይናገርም። ቆርቆሮው ዝም ማለቱን ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ውጭ አየሁ፤ ደመናው አልፎ ፀሐይ ወጥታለች። ጎርፉ ግን መንገድ ጀምሯል።

ደወልኩ። ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። እንደገና ደወልኩ። በቢሮው ስልክ ሞከርኩ፤ ያንንም ቁጥር ያውቀዋል። ሌሎቹ ቆፋሪዎች ስልካቸውን ከልብሳቸው ጋር ዛፍ ሥር ትተው ነው የሚገቡት። «አንሣው! አንሣው አንተ ሽማግሌ!» ብዬ ባዶ ቢሮ ውስጥ ጮኽሁ። አባቴን እንደዚያ ብዬው አላውቅም። አያነሳውም፤ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። የሙከራው ቁልፍም ከ«ሙከራ» ሌላ ቃል አይልክም። እሱን ከዚያ ወንዝ የሚያወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝናብ መለኪያው ከባድ ዝናብ መጣ ማለት አለበት። ሰማዩ ደግሞ ጥርት ብሏል።

ቢሮው ጥግ ካለው የውሃ ማድጋ ጆግ ሞልቼ ወጣሁ። አጥሩ ተቆልፏል። በሽቦው ሥር ተሳብኩ፤ ቀሚሴ ተያዘ፣ ጎተትኩት፣ ተቀደደ። የጆጉ ግማሽ መሬት ፈሰሰ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። የቀረውን ይዤ ተነሣሁና መለኪያው አፍ ላይ ገለበጥኩት።

ስህተት ነበር። መለኪያው ሆድ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ማንኪያዎች አሉ፤ አንዱ ሲሞላ ይደፋል፣ ሌላው ይተካዋል፤ የሚቆጠረው ድፊያቸው ነው። ውሃውን በአንዴ ከደፉበት ጠርዙን አልፎ ይፈሳል እንጂ አይቆጠርም። ቀስ ተብሎ፣ በቀጭኑ፣ ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት። አላህ ከሰው ሁሉ መርጦ እኔን ለዚህ አቆመኝ። እቸኩላለሁ፤ ግማሹ መለኪያው ውስጥ፣ ግማሹ ጫማዬ ላይ። ጆጉ አለቀ። በሽቦው ሥር ተመልሼ፣ ሞልቼ፣ እንደገና ተሳብኩ።

«ጁዋይሪያ! እንታይ ትገብሪ ኣለኺ? ምን እየሠራሽ ነው?»

ወይዘሮ ኣብረኸት የግቢው በር ላይ ቆመዋል። በጠራራ ፀሐይ ዝናብ መለኪያቸው ውስጥ ውሃ የምትጨምር ሠራተኛ አይተዋል። ቦርሳቸውን ወርውረው ቁልፋቸውን እያወጡ ወደ እኔ መጡ።

«አብደሻል? የመጀመሪያ ቀኑ ነው እኮ! ንጹሕ መረጃ ነበር! አምጪ ያንን!»

«አባቴ ወንዝ ውስጥ ነው!» አልኩ። «ጎርፉ ወርዷል፣ ማሽኑ አልነገረውም፣ የእኔን ስልክ አያነሳም!» ከዚያ በላይ መናገር አልቻልኩም፤ አለቀስኩ። እያለቀስኩ አፈሰስኩ፣ ግማሹ አሁንም ይደፋል።

ወይዘሮ ኣብረኸት አጥሩን ከፍተው ገቡ። ጆጉን የሚነጥቁኝ መስሎኝ ነበር። አንጓዬን ያዙ።

«ዋይ ኣነ! እንደዚህ አይቆጥርም። ቀስ በሊ ጓለይ፣ ቀስ።»

እጄን በእጃቸው ይዘው ጆጉን አዘነበሉት። ውሃው እንደ ክር ቀጠነ። መለኪያው ሆድ ውስጥ ቀጭ አለ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ልቤ እየሮጠ እጄ ሲራመድ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ጆጉ ሳያልቅ «ሂጂ እዪ፣ እኔ እይዛለሁ» አሉኝ።

ሮጬ ገባሁ። «መልእክት ተልኳል።»

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ከሁሉም ይብሳል። ልደውል? አያነሳም። ልሩጥ? አልደርስም። ወይዘሮ ኣብረኸት ባዶውን ጆግ እንደያዙ አጠገቤ ቆሙ። ሁለታችንም ወደ ስልኬ እናያለን። ከኮረብታው ጀርባ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ድምፁ የመኪና አልነበረም።

ስልኩ ጮኸ።

«ልጄ፣» አለ አባቴ፤ ያለከልካል። «ወጥተናል። አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም። አካፋዎቹንና የአካፋ መያዣውን ጋሪ ጎርፉ ወሰዳቸው። አንዱ ቆፋሪ፣ ዛሂድ፣ ጫማውን ትቶ ነው የወጣው። ማሽኑ ዛሬ ዘገየ፣ ግን ነገረን።» ከዚያ ጨመረበት። «አንቺም ስትደውዪ ነበር። ደመና አይታ ደንግጣ ነው ብዬ ተውኩት። ማሽኑ ባይኖር ጉድ ነበር እኮ።»

«አዎ፣ ጉድ ነበር» አልኩት። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጭቃ የያዘው ቀሚሴ ውሃ ያንጠባጥባል።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ኣብረኸት የአዲሱን ኮምፒውተር የመጀመሪያ ቀን መዝገብ ከፈቱ። ዝናብ፤ ቀጥሎ ፀሐይ፤ በፀሐዩ መሃል ሌላ ከባድ ዝናብ። የአሮጌው መረጃ ሁሉ ደግሞ ስድስት ስድስት ሰዓት መታረም አለበት፤ የወር ሥራ ነው። ሁለተኛውን ዝናብ ልሰርዘው እጄን ስዘረጋ «ቆዪ» አሉኝ። ወንበሩን ስበው ተቀመጡና አጠገቡ ባለው የማስታወሻ ቦታ በሁለት ጣታቸው ጻፉ፤ «በእጅ የፈሰሰ። እንዳይሰረዝ።»

ያን ዕለት ማታ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። ሰዓቱን፣ ፋይሉን እንዳለ መገልበጤን፣ ጆጉን። «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። እራቱን አቆመ። ቁጣውን ስጠብቅ፣ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው።

«ማሽኑ ውስጥ የነበርሽው አንቺ ነሻ» አለ። «በይ እንግዲህ፣ ያን አውራ ዶሮ ወደ አንቺ ቁጥር አዙሪልኝ። እኔ አልችልበትም።»

አዞርኩለት። ፊደሎቹ በእንባ ተደበላልቀውብኝ ሁለቴ ተሳሳትኩ።

በማግስቱ ከሰዓት ጭብጥ የምታህል ደመና ከኮረብታው ጀርባ ብቅ አለች። እስክታድግ ወይም እስክትበተን መጠበቅ ነበረብኝ። አልቻልኩም፤ ደወልኩ። ወዲያው አነሳው።

«እሺ፣ ልጄ። እንውጣ?»