«ሲስተም የለም» ያልንበት ቀን

እውነቱን ልናገርና፣ እኛ መሥሪያ ቤት «ሲስተም የለም» ማለት ከ«እንደምን አደሩ» ይቀድማል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ክፍል ነው የምሠራው፤ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት እሰጣለሁ። ባለጉዳይ ይመጣል፣ እናመናጭቀዋለን፣ ነገ ና እንለዋለን፣ ይሄዳል። ያን የሐምሌ ጠዋት ግን ሲስተሙም ነበር፣ መብራቱም ነበር፣ ማኅተሙም ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር።

ይታያል አንሙት የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ደጀን አድሮ፣ ገና ቢሮ ስንከፍት መስኮቴ ላይ ቆመ። ለፓስፖርት የልደት ምስክር ወረቀት ፈልጎ ነው። ትውልዱ እዚሁ ወረዳ፣ ከከተማችን በባጃጅ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ቀበሌ ነው። በፌስታል የተጠቀለለ አዲስ ጋቢ በብብቱ ይዟል።

«እህቴ፣ እባክሽ ቶሎ ጨርሽልኝ» አለኝ። «ከዚህ አባቴ ዘንድ ልወጣ ነው። እርሻውን ትቼ ከተማ ስገባ ተቀየሙኝ፤ እኔም እልህ ይዞኝ ሳልጠይቃቸው ዓመታት አለፉ። ዛሬ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅር ይበሉኝ። ሰባት ሰዓት ላይ መመለሻ መኪና አለኝ፤ ነገ ሥራ ነው።»

መታወቂያውን ተቀብዬ መጻፍ ስጀምር ኃላፊያችን አቶ ደምለው ጠሩኝ። በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አይናዲስ፣ የዚህ ልጅ አባት ሌሊት አርፈዋል። አጎቱ አቶ አምሳሉ ነው የደወለው። ለልጁ ደውሎ የት ነህ ቢለው ወረዳ ነኝ ሲለው ጊዜ ደንግጦ ዘጋው። የንስሐ አባታቸውንና ሽማግሌ ይዞ መጥቶ በወጉ እስኪያረዳው ድረስ አቆዩልኝ ይላል።»

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ።»

«ታዲያ አሁን ብንነግረው በደንብ ይደርሳል።»

«መርዶ በመስኮት ይነገራል እንዴ? በባዳ አፍ? ደንግጦ አንድ ነገር ቢሆንስ? ብቻውን ሲወጣ መንገድ ላይ ለቅሶ ቢቀበለውስ? ተይ አይሆንም።»

«እኔ አብሬው ልሂድ።»

«አቆዪው አልኩሽ።»

አቶ ደምለው ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ሲሉኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። የኔም አባት ሲሞት ንጋት ላይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ደግፈው ይዘው ነው የነገሩኝ። ወጉ ደግ ወግ ነው። ግን ያን ዕለት ሆዴ እምቢ አለኝ።

ተመልሼ ሄጄ «ሲስተም የለም» አልኩት።

እሺ ብሎ ተቀመጠ። ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ። ሌላ ቦታ ቢሆን ይጠረጥር ነበር፤ ከኛ ዘንድ ግን ይህ የዘወትር ነገር ነው። ቆይቶ መጣ። «ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ገብቷል» አልኩት፤ ማኅተሙን በመሀረብ ሸፍኜዋለሁ። ሦስተኛ ሲመጣ «እንግዲያው መታወቂያዬን ስጪኝ፣ አባቴን አይቼ ልምጣ» አለ። አቶ ደምለው ከኋላዬ ብቅ ብለው «መታወቂያህ እየተጣራ ነው፣ አሁን ከሄድክ ተራህ ያልፋል» አሉት። ሻይ አስመጣሁለት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ የሰው ደግ ነሽ» አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ፊቱን ማየት አቃተኝ።

አቶ አምሳሉ በየጊዜው ይደውላል። ደረስን ይላል፣ አይደርስም። የንስሐ አባታቸው ጸሎተ ፍትሐቱን ጥለው መውጣት አልቻሉም። ከወጡ በኋላ ደግሞ ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ይሄን ሁሉ ሰዓት እኔ መስኮቱ ጋ፣ እሱ አግዳሚው ላይ ነን።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ተነሥቶ መጣ።

«መታወቂያዬን አምጪ። የናንተን ነገር ድሮም አውቀዋለሁ፤ ቀኔን በላችሁት። ይህ መኪና ካመለጠኝ ከሥራዬ እባረራለሁ። አባቴን እንግዲህ ለመስቀል መጥቼ አያቸዋለሁ።»

ለመስቀል ሲል «ወንድሜ፣ ቆይ…» አልኩ። አቶ ደምለው ከበሩ ሥር ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ።

«ምን ቀረ? ሌላ ሰበብ ልትፈልጊ ነው?» አለኝና መታወቂያውን ከእጄ መንጭቆ ወጣ።

ትንሽ ቆይቶ ሽማግሌዎቹ ደረሱ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። «የታለ?» አሉ። እየሮጥኩ አስፋልቱ ዳር ወጣሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ፤ መኪናው ሄዷል።

«ይደውሉለት፤ ገና ሩቅ አልሄደም፣ ወርዶ ይመለሳል» አልኩት አቶ አምሳሉን። ደወለ። ይታያል አነሣው። አጎትየው ቄሱን አየ፣ እኔን አየ፤ «ደህና ነን» አለ። «ለሰላምታ ነው፣ ሁላችንም ደህና ነን። በሰላም ግባ።» ዘጋና አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀበሩ። ለልጁ በማግስቱ አዲስ አበባ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ ነገሩት። ወጉ አልጎደለም።

አርባው ከወጣ በኋላ የአባቱን ሞት ሊያስመዘግብ መጣ። ጥቁር ለብሷል፣ ራሱን ተላጭቷል። የሟችን ስም፣ ዕድሜ፣ የሞተበትን ቦታ ጠየቅኩት፤ አንድ በአንድ መለሰልኝ። የቀብሩን ሰዓት ማንም በቅጹ ላይ አይጠይቅም፤ እሱ ግን ራሱ ነገረኝ። ሊፈርም ብዕሩን አነሣና አቆመው።

«እኔ እዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሳለ ታውቂ ነበር፤ አጎቴ ነገረኝ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ሌላ ጊዜ ሰው ታመናጭቁ የለም ወይ? ታባርሩ የለም ወይ? ምነው ያን ቀን አመናጭቀሽ፣ አባትህ ሞቷል፣ ሂድና ቅበር ብትዪኝ ኖሮ። ፊታቸው ሳይሸፈን እደርስ ነበር።»

ወጉ ነው ልለው ነበር፤ ተውኩት። ወረቀቱን አትሜ፣ ማኅተም መትቼ፣ በሁለት እጄ ሰጠሁት። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ነፍስ ይማር እንኳ አላልኩትም ነበር፤ ያኔ አልኩት። «አሜን» አለና ወረቀቱን አጥፎ ወጣ።