የጋሽ ፈንታው ዘንዶ

ሚዛን ተፈሪ ላይ ሳያንኳኩ ሰው ጓሮ የሚገቡት ዝናብና ሌባ ናቸው። ፈንታው ዝናቡን ለምዶታል። ሌባው ግን በዚያ ዓመት፣ ሞባይል ገና አገሩ በገባበትና ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ለጉብታ በሚንከራተትበት ሰሞን፣ አስመረረው።

መጀመሪያ ሳፋውን ወሰደ። ቀጥሎ ጀሪካኑን። ከዚያ ሊደርቅ የተሰጣውን ጀንፈል ቡና ከነሰሌኑ ጠቅልሎ ሄደ። በመጨረሻ ሚስቱ ጥሩነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በእጇ የፈተለችውን ጋቢ ከገመድ ላይ አወረደ። የልብስ መቆንጠጫዎቹን ግን ትቶለታል፤ ፈንታው እንደሚለውማ በመልክ በመልካቸው ደርድሮ ነው የተወለት።

ያንገበገበው ጋቢው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እዚያ ቤት ውስጥ የሚሞቅ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ከጓሮው ያልተነካው ሙቀጫው ነው። ከዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ፣ የጎልማሳ ወገብ የሚያህል ሙቀጫ። ከሸኮ ሲመጣ አንድ አይሱዙ ሙሉ ሰው ተረባርቦ እንዳወረደው፣ ከተሸካሚዎቹም አንዱ እስከ ዛሬ ወገቡ እንዳልቀና ፈንታው ይናገራል። ድሮ ጥሩነሽ ሳለች የሰፈሩ ሴት ሁሉ እዚያ ጓሮ እየመጣ ይወቅጥ ነበር። ወፍጮ ቤት ሲበዛ አንድ በአንድ ቀሩ። ያልቀረችው ዘይቱ ናት። ዘይቱ ከጅማ የመጣች፣ እንደ እሱ ብቻዋን የቀረች፣ ገበያ ላይ ቅመም የምትሸጥ ጎረቤቱ ናት። ኮረሪማና ጥምዝ በወፍጮ ከተፈጨ ሽታው ይሞታል ባይ ናት። ከሰዓት በኋላ በቀርከሃው አጥር ሽንቁር ጎንበስ ብላ ትገባለች፤ እሷ ትወቅጣለች፣ ፈንታው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይዋሻል፣ እሷ ዘነዘናውን ይዛ ትስቃለች። በቃ፣ የፈንታው ቀን ያ ነው። ሌላው ሰዓት ያንን መጠበቂያ ነው።

ታዲያ ሌባው ሙቀጫውን ቢወስደው ዘይቱ ምን ልትሠራ ትመጣለች? ይቺ ሐሳብ እህል ውኃ አላሰኝ አለችው። ቁልፍ እንዳይገዛ ሙቀጫ በር የለው። ውሻ እንዳያስር፣ የመጨረሻው ውሻ ራሱ ተሰርቋል። ቢቸግረው ያለውን ሀብት አወጣ፤ ውሸቱን።

አሕመዲን ሱቅ ሄደ። አሕመዲን ስኳር ሲመዝን እጁ ይሰስታል፣ ወሬ ሲመዝን ግን እጀ ሰፊ ነው።

«እንቁላል አለህ?» አለው ፈንታው።

«ምን ያህል ልስጥዎት?»

«ያለህን ሁሉ። ለኔ እንዳይመስልህ።»

«ምነው፣ እንግዳ መጣብዎት እንዴ?»

ፈንታው ግራና ቀኙን ገላመጠ። «ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ። ከሸኮ ጫካ ዘንዶ አምጥቼ ጓሮ ለቅቄዋለሁ። እንሰቱ ሥር ነው የሚተኛው።»

«ወላሂ?»

«እኔ ስዋሽ ሰምተኸኝ ታውቃለህ? ደግሞ ጨዋ ነው፣ አይነድፍም። ሌባ ሲገባ እንዲህ እቅፍ ያደርገውና እስኪነጋ ያናዝዘዋል። ባለፈው የያዘው ሰውዬ የሰረቀውን ጨርሶ ሊሰርቅ ያሰበውን መናዘዝ ጀምሮ ነበር፣ እኔ ነኝ አዝኜ ያስለቀቅኩት።»

«ጎረቤትስ ቢገባ?»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። ‹ጎረቤትማ ይለያል› ብሎ ቢያልፍ ምን ነበረበት? ግን ወሬ ሲጥም መሐሉ ላይ ማን ያቆማል። «ዘንዶ ምን ጎረቤት ያውቃል!» አለ። «አጥር አልፎ የገባ ሁሉ ለሱ ያው ሥጋ ነው።»

ወሬው ቀድሞት ቤት ገባ። ቴፒ ሲደርስ ሁለት ራስ አብቅሎ፣ ማጂ ሲደርስ በሬ ከነቀንበሩ ውጦ ነበር። ሌባም እንደ ጉም በነነ። ፈንታው በዕድሜው ከዋሸው ሁሉ እንደዚህ የሠመረለት አልነበረም። የሠመረለትን የሚያወራለት ሰው ግን አጣ፤ ዘይቱም ቀርታለቻ።

ገበያ ውላ ነው አለ። አሟት ይሆናል አለ። አንድ ቀን ከሰዓት ከአጥሩ ማዶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲወቀጥ ሰማና ወደ ሽንቁሩ ሄደ። ዘይቱ ቁጢጥ ብላ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ኮረሪማ ትደቁሳለች። ግማሹ እየተፈናጠረ ሣር ውስጥ ይገባባታል።

«ዘይቱ! ምነው ጠፋሽ? ሙቀጫው እኮ ሸረሪት አደራበት።»

«ሸረሪቱን አልፈራም ጋሼ። ሌላውን ነው።»

«አይ አንቺ! እሱን አመንሽ እንዴ? ለሌባ ብዬ የፈጠርኩት ወሬ ነው።»

«እኔን አይዋሹኝ።»

«ስንት ዘመን ስዋሽሽ ስትስቂ ኖረሽ፣ ዛሬ እውነት ባወራ ታኮርፊያለሽ?»

«በጆሮዬ ሰምቼ ነዋ!» ዘይቱ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሲመሻሽ እንሰቱ ሥር ሆነው ሲያናግሩት እሰማለሁ። ‹በረደሽ? ጋቢሽን እኮ ወሰዱት፣ ምን ላልብስሽ?› ይሉታል። ሴት ናት መሰለኝ።»

ፈንታውን ዕድሜውን ሙሉ ያልከዳው አፍ ያን ቀን ከዳው። ምን ይበል? ጥሩነሽን ነው የማናግረው ይበል? ሰውዬው ለየለት፣ ከሙት ጋር ያመሻል ይበሉት? ውሸታም መባል ሲያስቅ ኖሯል፤ ይኼኛው ግን አያስቅም።

«አዎ» አለ በመጨረሻ። «ሴት ናት።»

«አላልኩም!» አለች ዘይቱ። ድንጋይዋን አንስታ ወደ ቤቷ ጠጋ አለች።

ከዚያ ወዲያ ፈንታው ሌባ ይለማመን ገባ። የጓሮውን በር ወለል አድርጎ ይተዋል። ዶማውን ውጭ ያሳድራል። አንድ ሰው፣ አንድ የማይፈራ ሰው ብቻ ገብቶ በሰላም ቢወጣለት ወሬው ይፈርስ ነበር። ዶማው ዝገት ያዘው እንጂ የሚያነሳው ጠፋ።

ዝናብ ሲወርድ ባደረበት አንድ ጠዋት ወደ ጓሮ ቢወጣ ሙቀጫው የለም።

ሙቀጫው ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ክብ ሆኖ፣ ሣሩ ገርጥቶ ይታያል። ፈንታው እልል ሊል ምንም አልቀረው። በጭቃው እየተንሸራተተ ወደ ሽንቁሩ ሮጠ።

«ዘይቱ! ዘይቱ! ተሰረቅኩ! እንኳን ደስ ያለሽ!»

ዘይቱ ሻሿን እያጠበቀች ወጣች። «ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ሙቀጫውን ወስደውልኛል! ሌባ ገብቶ ወጣ ማለት እኮ ነው። ዘንዶ ቢኖር ይወጣ ነበር? ነይ ግቢ፣ ነይ እይ!»

ዘይቱ አልገባችም። አንገቷን ብቻ በሽንቁሩ አሾልካ አየች። ሙቀጫ የሚያክል ነገር ተሸክሞ የሚሄድ ሰው የለም፤ ጎትተውታል። ከገረጣው ክብ ተነስቶ፣ በእንሰቱ ሥር ተጠማዞ፣ በጓሮው በር የወጣ ሰፊና ልሙጥ ፈለግ ጭቃው ላይ ተጋድሟል። የሰዎቹን የእግር ዱካ ዝናቡ አጥቦታል።

«ሌባው ሲወጣ አይተውታል?»

«ተኝቼ የት አየዋለሁ!»

«ታዲያ ይሄ የማን መንገድ ነው?»

«የሙቀጫው ነዋ! ሲጎተት…»

«ያ ረቢ!» ዘይቱ አፏን ያዘች። «ሌባውን ከነሙቀጫው ነው የዋጠችው። ጋሼ፣ ያሳደጉት አውሬ መጨረሻው ባለቤቱን መብላት ነው። ለነፍስዎ ይወቁ።» ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የምታዝነው ለሱ ነበር፣ ከልቧ። ነገሩን የባሰ ያደረገውም ይኸው ማዘኗ ነው።

በማግስቱ ሽንቁሩ በአዲስ ቀርከሃ ተማግሮ፣ በወፍራም ገመድ ተጠፍሮ አገኘው። ከሥሩ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ተቀምጧል። ፈታው። እንቁላል ነው። ዘይቱ ዘንዶዋ እንዳይርባትና አጥር እንዳትሻገር ነው የሰጠችው።

ፈንታው እንቁላሉን ታቅፎ ሄዶ ሙቀጫው የነበረበት ክብ ላይ ተቀመጠ። አመሻሹ ላይ ከአጥሩ ማዶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይወቀጥ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ውቀጣው ቆመ። ዘይቱ ጆሮዋን ጥላ እንደምታዳምጥ ገባው። ከሷ ሌላ የሚሰማው ሰው የለ፣ ይህን ማዳመጧን እንኳ ማጣት አልፈለገም።

«ነይ እንግዲህ» አለ ወደ እንሰቱ ዞሮ፣ ጮክ ብሎ። «እንቁላል ተልኮልሻል።»

እንሰቱ ቅጠሉን አላነቃነቀም። ፈንታው ግን ወደ ጎን ሸርተት ብሎ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀ።