ያልታወቀችው ባለ አራት ጣት

በየዓመቱ አዲስ ጭቃ የሚለብስ ግድግዳ ዕድሜው ስንት ነው? ዴልፊና አርቹሌታ ከአገሯ ርቃ ስለ አሮጌ ሕንፃ አጠባበቅ ዘጠኝ ዓመት ተምራ፣ ሁለት ዲግሪ ይዛ ኒው ሜክሲኮ ወዳለችው ሳን አማዶ ብትመለስም ይህን መመለስ አቃታት። ጠያቂዋ ስምንተኛ ክፍል እንኳ ያልጨረሱት አክስቷ ዩፍራሲያ ናቸው።

የነገሩ መነሻ አደባባዩ ላይ ያለው የጸሎት ቤት ነው። ቤቱ የጭቃ ጡብ ነው። የከተማዋ ሴቶች በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ የሐምሌው ዶፍ ሳይደርስ፣ ከመቃብሩ ጀርባ ካለው ደረቅ ወንዝ አፈር ያመጣሉ፤ በስንዴ ጭድ አቡክተው ግድግዳውን በእጃቸው ይመርጋሉ፤ በበግ ለምድ ያለሰልሳሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ድርሻ አለው፤ የአርቹሌታዎች ከበሩ በስተግራ ነው። ድርሻዋን ያበላሸች ሴት እስከ ገና መሳቂያ ሆና ትከርማለች።

ባለፈው መኸር ግን የአደባባይ ጥበቃ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ ሚስተር ኦግደን ከተማዋን ከረገጠ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቢሆንም ከባላገሩ በላይ ባላገር ነው፤ ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሰማያዊ ድንጋይ ያለው የብር ቀለበት በየጣቱ ደርድሮ ይዞራል። ዴልፊናን ባለሙያ ብሎ ሾማት። እሷም ደንብ ጻፈችለት፦ «የግድግዳው ገጽ የታሪክ ሰነድ ነው፤ ማንም ሊነካው አይችልም።» ዓረፍተ ነገሩ ስላማራት ለብቻዋ ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችው።

ኦግደን ደግሞ ከበሩ በስተግራ አራት ጣት ብቻ ያለው የእጅ አሻራ አገኘ። አጉሊ መነጽር ይዞ ሁለት ቀን ተንበረከከ። በሦስተኛው ቀን የነሐስ ጽሑፍ አስተከለ፦ «ያልታወቀች ባለ አራት ጣት ባለሙያ፣ 1840 ገደማ።» ፊት ለፊቱም ገመድ ተወጠረ። ዴልፊና የማን እጅ እንደሆነ ባየችበት ቅጽበት አውቃለች። ግን በምረቃው ላይ ንግግር እንድታደርግ ተጋብዛ ነበርና ዝም አለች።

የዩፍራሲያን የቀለበት ጣት የፒካፕ በር የወሰደው በ1988 ነው። ጽሑፉን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማርጀቴንስ አውቃለሁ፤ ግን ይሄን ያህል?»

«እትዬ፣ ለ1840 ሰው ጥርስዎ ደህና ነው» አለች ጎረቤታቸው ኔስቶራ።

«ይሄ ሐኪም የሠራው ነው። የራሴማ ታሪክ ሆኗል።»

ሰኔ ሲገባ ሴቶቹ ጭቃቸውን አቡክተው መጡ። ኦግደን ገመዱ ጋ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ይቅርታ ሴኞራ፣ አይነካም። በቅድመ አያቶችዎ ሥራ ላይ ጭቃ ሊለጥፉ ነው?»

«እነሱስ ምን ነበር የሚለጥፉት ልጄ? ማር?»

«ኮሚቴው መስከረም ላይ ተሰብስቦ ያየዋል።»

«ዝናቡም የኮሚቴ አባል ነው እንዴ? እስከ መስከረም ይጠብቃል?»

ኦግደን ወደ ዴልፊና ዞረ። ዴልፊና ወደ ጫማዋ። ሴቶቹ ጭቃቸውን ይዘው ተመለሱ።

ማታ በራት ላይ አክስቷ ያንን የግድግዳ ዕድሜ ጥያቄ ጠየቋት። ዴልፊና ስለ ዘመን አወሳሰን ትንሽ አብራርታ፣ መሐል ላይ ለራሷም ስላልገባት ተወችው።

«ገመዱንስ ከሞትኩ በኋላ ብታጥሩብኝ ምን ነበረበት?» አሉ ዩፍራሲያ፣ ባቄላውን እያቀረቡላት።

በሐምሌ ሁለተኛው ሐሙስ ተራራው ላይ ጥቁር ደመና ተቆለለ። ምርጊቱ ተሰነጣጥቋል፤ ውኃው በስንጥቁ ገብቶ ጡቡን ካገኘው ጡቡም አፈር ነውና ይሟሟል። ዴልፊና አደባባዩ ላይ ደርሳ ገመዱን ፈታች። ኦግደን ሮጦ መጣና ራሷ የጻፈችውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ አነበበላት። ከሰው አፍ ስትሰማው አላማራትም። ገመዱን ጠቅልላ አስታቀፈችው።

ደመናውን አይተው ጭቃ ያቦኩት ሴቶችም ደርሰው እፍኝ እፍኝ አፈሱ።

«አክስቴ፣ ይምጡ እንጂ» አለች ዴልፊና።

«እኔማ ሰነድ ነኝ፣ አልነካም። የኛን ድርሻ አንቺ ምረጊ።»

መረገች። ጭቃው ከግድግዳው ይልቅ ፀጉሯን ወደደ።

«ኬክ ነው እንዴ የምትቀቢው?» አሉ አክስቷ ከወንበራቸው ሳይነሡ። «ጫን በይ። ዘጠኝ ዓመት እጅሽን የት አስቀምጠሽው ነበር?»

ዶፉ የወረደው ኔስቶራ የመጨረሻውን እፍኝ እንደለጠፈች ነው። ግድግዳው ዝናቡን ችሎ ቆመ። የአርቹሌታዎች ድርሻ ብቻ እንደ አሮጌ ፍራሽ ተጎራበጠ፤ ከነሐሱ ጽሑፍ በታችም ባለ አምስት ጣት አዲስ አሻራ ቀረ።

ኦግደን ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። ጽሑፉን ግን አላነሣም፤ ማንሣት ከማኩረፍ ይበልጥ ያሳፍራል። ጎብኚዎች ሲመጡ ስለ ባለ አራት ጣቷ ባለሙያ ያስረዳቸዋል፤ እነሱም ፎቶ ያነሣሉ። ጣት የሚቆጥር የለም።

ዴልፊና ለግዛቱ የቅርስ ጽሕፈት ቤት መልእክት ላከች፦ «በሳን አማዶ ከነሐሱ ጽሑፍ በታች ያለው እጅ የእኔ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የአክስቴ ነው፤ በሕይወት አሉ፤ ከፈለጋችሁ ስልካቸውን እልካለሁ። ዝም ያልኩት እኔ ነኝና ጽሑፉን አስነሡልኝ። አንድ ጥያቄም አለኝ፦ በየዓመቱ አዲስ ጭቃ የሚለብስ ግድግዳ ዕድሜው ስንት ነው?»

ሰኔ ዞሮ መጣ፤ ሴቶቹም ጭቃ አቦኩ። መልስ አልመጣም።