እስከ ቀትር ዝምታ

ጄኔቭ ውስጥ በድርድር ዕድሜውን የፈጀ ሰው ከንግግር ይልቅ ዝምታ ይወዳል። እኔም ከእነዚያ አንዷ ነኝ። የአገሮች ሁሉ ስምምነት የሚያስፈልገው ጽሑፍ ሲያልቅ ለልዑካን ይላክና ቀንና ሰዓት ይቆረጥለታል። እስከዚያ ሰዓት ማንም «እቃወማለሁ» ካላለ ጸደቀ ማለት ነው። አንድ አገር ብቻ ከተቃወመ ግን የስንት ዓመት ልፋት ገደል ይገባል። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እዚህ ሕግም የሚገኘው በዝግ አፍ ነው።

የዚያ ሐሙስ ቀነ ገደብ ቀትር ነበር። ጽሑፉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚመሩ የጦር መሣሪያዎች የተዘጋጀው ስምምነት ነው። ስምንት ዓመት ሲጎተት፣ ሲቆረጥ፣ ሲለሳለስ ኖሮ የቀረው አጥንት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ሰው ሳይወስን መሣሪያ በሰው ላይ አይተኩስ። ሌላው ሁሉ ማጀቢያ ነው። ሰብሳቢያችን አምባሳደር ኡርሲን ለዚህች ዓረፍተ ነገር ሲሉ ጤናቸውን ጨርሰዋል፤ በማግስቱም ጡረታ ይወጣሉ። እኔ ጸሐፊያቸው ነበርኩ።

ዓረፍተ ነገሩ የማን ነው ብባል ግን የቶይቹበክ ነው እላለሁ። ቶይቹበክ ከኪርጊዝ ድንበር መንደር የመጣ ሰው ነው። ልጁ አይዛዳ የአፕሪኮት ዛፎቻቸውን ውሃ ልታጠጣ አካፋ ተሸክማ ስትሄድ፣ ሰማይ ላይ የሚዞር መሣሪያ ወታደር መሰለችውና ገደላት። ማን አዘዘ ብሎ ቢጠይቅ ማንም አላዘዘም አሉት፤ መሣሪያው ራሱ ነው የወሰነው። እዚህ ከመጣ ጀምሮ ሌሊት ዳቦ ቤት እየሠራ፣ ስብሰባ ባለ ቁጥር ከእንግዶች ወንበር ላይ ይቀመጣል። እኔ በአገሩ ታላቅ ወንድም እንደሚጠራው «ባይኬ» እለዋለሁ።

«ዛሬስ ስንት ነጠላ ሰረዝ አነሳችሁ?» ይለኛል።

«ሁለት አነሳን፣ ሦስት ጨመርን፣ ባይኬ።»

«ጎሽ፤ እንዲህ ከሮጣችሁ የልጅ ልጆቼ ይደርሱበታል።»

አይዛዳ ብቸኛ ልጁ እንደነበረች እያወቅሁ አብሬው እስቃለሁ።

ረቡዕ ከሥራ ስወጣ፣ ሁላችንም የምንፈራት የአንዲት አገር ልዑክ ትራም መጠበቂያው ላይ ጠጋ አለችኝ።

«ሶላንዥ፣ አንድ ነገር ልንገርሽና እንዳልነገርኩሽ ቁጠሪው።»

«እሺ፣ አልሰማሁም።»

«እኛ አገር ሳምንቱን ሙሉ በዓል ነው። ጽሑፋችሁን የከፈተው የለም። ካዩት ይቃወማሉ፤ ካላዩት ያልፋል። እኔ ካልታዘዝኩ አንዲት ቃል አልጽፍም። በቃ፣ ዝም በሉ።»

ትራሙ ላይ ሳለሁ ለቶይቹበክ ደወልኩለት። ልዑኳ ያለችውን ስነግረው «ታዲያ እኔም ዝም ልበል» አለኝ። ድምፁ እንደዚያ ቀሎ ሰምቼው አላውቅም።

ጠዋት ቢሮ ስገባ አምባሳደሩ ቀድመውኛል። ልማድ ነበራቸው፦ ቀነ ገደቡ በሚያበቃበት ቀን ጠዋት ለልዑካኑም ለየመንግሥታቱም ማስታወሻ ይልካሉ። ደንብ አያዝም፤ የራሳቸው ጨዋነት ነው።

«ማስታወሻው ተላከ?»

«አልተላከም። ዛሬ ይቅርብን፣ ክቡር አምባሳደር።» ልዑኳ ያለችውን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደገፉ።

«ሁልጊዜ የምልከውን ዛሬ ብቻ ባልልክ ምን ይባላል?»

«ረሳው ይባላል። አርጅቷል ይባላል። ይበሉ እንጂ! ነገ ጡረታ ይወጡ የለ?»

ፈገግ አሉ። «ሰው ተኝቶ የፈረመውን ውል ሲነቃ ይቀደዋል፣ ሶላንዥ።»

«ይቅደዱት። አሁን እኮ የሚቀደድ እንኳ የለንም።»

«ስምንት ዓመት ስንል የኖርነው ሰው አውቆ ይወስን ነው። ማንም ሳያውቅ ያለፈ ወረቀት ይዤ ቶይቹበክ ፊት ልቁም?»

«እሱ እንዲህ ብሎ አልጠየቀም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ላኪው።»

ላክሁት። ያን ጊዜ የተናደድኩት ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ሰውየው ቀጣፊ ቢሆኑ ኖሮ ይሻለን ነበር እላለሁ፤ ቀጣፊ ቢሆኑ ደግሞ እንደዚያ አልወዳቸውም ነበር።

ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የልዑኳ መልእክት ገባ። «በመንግሥቴ ትእዛዝ ዝምታውን ለማቋረጥ ተገድጃለሁ» ይላል። ሌላ ቃል የለውም። አምባሳደሩ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። እኛ ዘንድ ዝምታ ያቋረጠም ይመሰገናልና፣ ጥርሴን ነክሼ «ስለ ገንቢ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን» ብዬ ጻፍኩላት።

አብረን ወደ ካፌው ወረድን። ቶይቹበክ ለበዓል የሚያደርገውን ነጭ የሱፍ ቆብ አድርጎ፣ ለአዳራሹ ሁሉ የሚበቃ ዳቦ በቅርጫት ይዞ ተቀምጧል። ሲያየን ብድግ አለ። ፊታችንን አይቶም ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«አልሆነም፣ ቶይቹበክ» አሉት አምባሳደሩ።

«ያችው አገር?»

«ያችው።»

ወደ እኔ ዞረ። «ተኝተዋል አላልሽኝም፣ እህቴ?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት አምባሳደሩ ቀደሙኝ። «እሷ ልክ ነበረች። የቀሰቀስኳቸው እኔ ነኝ። ጠዋት ማስታወሻ ላክሁ፤ ቀነ ገደቡ ዛሬ ቀትር ነው አልኳቸው።»

«ግዴታ ነው?»

«አይደለም። ሳያውቁ እንዳያልፍባቸው ብዬ ነው።»

ይጮኻል፣ ይሳደባል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሳደብ ደስ ባለኝ። እሱ ግን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ለአይዛዳ ማስታወሻ የላከላት የለም» አለ።

ቶይቹበክ ተነሥቶ ቅርጫቱን ወደ እኔ ገፋው፤ ሳይበርድ ብሉት አለንና ወጣ። ልከተለው ተነሣሁ፤ ከበሩ ደርሼ ተመለስኩ።

በማግስቱ አምባሳደሩን ሸኘናቸው። የሁሉም አገር ልዑካን መጡ፤ ያቺም መጥታ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ከእንግዶች ወንበሮች አንዱ ባዶውን ዋለ። ተናጋሪዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ ስለ አምባሳደሩ ጨዋነት ተናገሩ፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙ።